የቀዩ ሐረግ ጠላፊ፦ የወ/ሮ አሰለፈች ሙላቴ የሕይወት ታሪክ

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ ገብሱ ተወቅቶ ወደ ጎተራ በገባበት ሰሞን፣ ጥር 16 ቀን 1966 ዓ.ም. ወ/ሮ አሰለፈች ሙላቴ ከአባታቸው ከአቶ ሙላቴ አድማስና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፈንታነሽ ካሴ ተወለዱ። ዕለቱ ኪዳነ ምሕረት ነበረችና እናታቸው ገና ከአራስ ቤት ሳይወጡ «ይቺስ የአንቺ ናት» ብለው ለእመቤታችን ሰጧቸው። ወ/ሮ አሰለፈች ለወላጆቻቸው ከሰባት ልጆች ሦስተኛ ሲሆኑ፣ ከሁሉም ይልቅ ዓይናቸው የሰላ ስለነበር በቤቱ የጠፋ ነገር የሚፈለገው በእሳቸው ነበር። ገና በልጅነታቸው ከገለባ መሐል የወደቀች የጆሮ ጌጥ ለይተው ማንሳታቸው እስከ ዛሬ በጋፋት ይነገራል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ደብረ ታቦር እየተመላለሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1982 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማው ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በተከፈተ ጊዜ ግን ወ/ሮ አሰለፈች ከአክስታቸው ከወ/ሮ እቴነሽ ካሴ ዘንድ ጥልፍ መማር ጀምረው ስለነበር ወደ ደብተሩ አልተመለሱም። ወ/ሮ እቴነሽ ተማሪ በማባረር የታወቁ ቁጡ ሴት ነበሩ፤ የእህታቸውን ልጅ ግን በዓመቱ «ከእንግዲህ የማስተምርሽ የለኝም» ብለው መርቀው ሸኟቸው። ወ/ሮ አሰለፈችም በ1985 ዓ.ም. በገበያው ዳር የራሳቸውን የጥልፍ ቤት ከፈቱ።

ከእብናት እስከ ገሳይ የምትዳር ሙሽራ የእሳቸውን እጅ ሳትለብስ ከቀረች ሠርጉ ጎደሎ ነው ይባል ነበር። ክር ሲመርጡ ጥቅሉን ይዘው ወደ በራፍ ይወጡና በፀሐይ እያገላበጡ ያዩት ነበር፤ «አምፖል ያባብላል፣ ፀሐይ አይዋሽም» ይሉ ነበር። ሙሽራ ሲለኩ ሳያስቁ አይለቁም። የምታፍር ልጅ የመጣች እንደሆነ የወደፊት አማቷን አካሄድ አስመስለው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሄዱላታል፤ ልጅቱ ስትስቅ ያን ጊዜ ወገቧን ይለካሉ። «ያልሳቀች ሙሽራ ልኳ አይገኝም» የእሳቸው አባባል ነበር።

በጥር ወር 1986 ዓ.ም. በወፍጮ ሥራ የሚተዳደሩትን አቶ እሸቴ ዋለን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። አቶ እሸቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሞተር አጠገብ ስለቆሙ ዝቅ ብሎ መናገርን የረሱ ሰው ናቸው፤ ምሥጢር የሚያወሩት ለጎረቤት እየተሰማ ነው። ወ/ሮ አሰለፈችም «ከእሸቴ ጋር የተጣላ አይቸገርም፤ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ቤታቸው ተቀምጠው ሰምተውታል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በትዳር ዘመናቸው ግን ሽማግሌ አላስቀመጡም።

እንዲህ ባለው ጽሑፍ ላይ የሟች ሕመም «ባደረባቸው ሕመም ምክንያት» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። ደንቡ ነው፣ ነውርም የለበትም። ወ/ሮ አሰለፈች ግን የእሳቸው እንዳይታለፍ፣ ይልቁንም ከሁሉ ረዝሞ እንዲነበብ አዘዋል። ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ታደሰ ሙላቴ ትእዛዛቸውን ፈጽሟል፤ ለምን እንዳዘዙ ሲነበብ ይታወቃል።

በ1988 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸውን አዲስዓለምን እርጉዝ ሳሉ፣ ወራቸው እየገፋ ሲሄድ በግራ ዓይናቸው ጉም የመሰለ ነገር ወረደባቸው። ራሳቸውንም ያማቸው ነበር። ሰው ሁሉ የእርግዝና ነገር ነው አላቸው። ለኪዳነ ምሕረት የተጠለፈ ጥላ ተሳሉ። ከወለዱ በኋላ ጉሙ እየሳሳ ሄደ፤ ልጅቱ ክርስትና ስትነሣ ዓይናቸው እንደ ድሮው ነበር። ጥላውንም በእልልታ አስገቡ። በ1991 ዓ.ም. ልጃቸው ሞላ ሲረገዝ ጉሙ ዳግመኛ መጣ፣ ከፊተኛውም ከብዶ፤ አሁንም ተሳሉ፤ ሲወለድ አሁንም ሄደ። የእመቤታችን ውለታ በዚህ ቤት ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም፣ ማንም አይክደውም። የሚቆጨው ሌላ ነው። ዓይን ለምን በእርግዝና ሄዶ በወሊድ ይመለሳል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። መልስ ግን ሞልቶ ነበር። አንዱ ደም ማነስ ነው አለ፣ አንዷ የሰው ዓይን ነው አለች፣ ሌላው ጨርቅ ላይ መርፌ ሲወጉ መዋላቸው ነው አለ፤ እሳቸውም ሁሉንም አመስግነው ተቀበሉ።

በ1995 ዓ.ም. ሦስተኛዋ ስትረገዝ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ደከሙ፤ የዚህኛው ስለታቸው መጋረጃ ነበር። አቶ እሸቴ እጃቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ያደርሷቸው ነበር። የንስሐ አባታቸው ቄስ ይሻው ይህን ባዩ ጊዜ «ስለቱም ይድረስ፣ ሐኪምም ይይሽ። ሐኪሙንም የሰጠን እሱው ነው» ብለው ገሠጿቸው። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ብርሃናቸውም ሲመለስ ስሟን ዓይናዲስ አሏት። ሆኖም በዚህኛው ጊዜ የግራው ዓይን እንደ ድሮው አልሆነም። የካህኑን ቃል ሰምተው ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ዓይናቸው ታየ፣ መነጽር ታዘዘላቸው፣ ከእንግዲህ መውለድ ቢያቆሙ ይሻላል የሚል ምክርም ተሰጣቸው። ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ የሚያይ መሣሪያ ያን ጊዜ ለእኛ ሩቅ ነበር፤ ስለዚህ በማንም አይፈረድም።

ወ/ሮ አሰለፈች እንደ እናታቸው ሰባት ልጆች መውለድ ይመኙ ነበር። የሰባቱንም ስም ገና በጫጉላ ቤት ሳሉ አውጥተው ጨርሰው ነበር ይባላል። ያን ምኞት የተዉት ቀላል ሆኖላቸው አይደለም። ከሐኪሙ ሲመለሱ መንገድ ላይ ለባለቤታቸው «ሦስቱን የማይበት ዓይን ይሻለኛል» አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ መወጋት ያዙ። የመጀመሪያው በሚካኤል ዕለት ስለነበረ፣ በኅዳር፣ በየካቲት፣ በግንቦትና በነሐሴ ሚካኤል ሲውል አቶ እሸቴ ወፍጮውን አቁመው ወደ ጥልፍ ቤቱ ይመጡና «አሰለፈች፣ ቀኑ ዛሬ ነው!» ይሉ ነበር። ገበያው በሙሉ ይሰማል። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ወ/ሮ አሰለፈችም ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ተነሥተው አብረዋቸው ይሄዳሉ። ባሏ እንዲህ የሚያስብላት ሴት ስንት ናት እያሉ ያወሩት የነበሩ ዛሬም እዚህ ቆመዋል። እውነትም ነበር።

ጉሙም እንደ ፊቱ አልመጣም። ስለዚህ ነገሩ ያበቃ መሰለ። በ1999 ዓ.ም. ለሦስተኛው ስለታቸው የደብራችንን የኪዳነ ምሕረትን የውስጥ መጋረጃ ለመጥለፍ ጀመሩ፤ ዙሪያውን በቀይ ሐረግ ሊከቡት። ከሙሽራ ሥራ በተረፈ ጊዜያቸው ስለነበረ ዓመታት ፈጀ። የካቲት 16 ቀን 2003 ዓ.ም. ገብቶ ሲሰቀል እልልታው እስከ መንገዱ ተሰማ። ሐረጉ በቀኝ በኩል ከላይ ሲጀምር እንደ በርበሬ የቀላ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ግን ይደበዝዛል፣ በግራ በኩል ሲወጣ ቡናማ ይሆናል፣ መጨረሻው ጥቁር ሊባል ትንሽ ይቀረዋል። ሁሉም አየ። ካህናቱ ያወቁበት ምሥጢር ይሆናል ብለው ዝም አሉ። አቶ እሸቴ ሚስታቸው አምሮባቸው የመረጡት መሰላቸው። እናታቸው ወ/ሮ ፈንታነሽ ብቻ «ምነው ሐረጉ ጠወለገሳ?» ቢሉ፣ አጠገባቸው የነበሩት በክርናቸው ጎሽመው ዝም አሰኟቸው። የተሳለ ሰው ያገባውን ስለት ማንም አይነቅፍም፣ ከዚያም በላይ የአሰለፈችን እጅ ማን ያርማል?

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የራስ ምታቱ ጠናባቸው። ጎናቸው የቆመ ሰው ካልተናገረ አያዩም ነበር፤ በዚህም «አሰለፈች ኮራች» ተብለው ታምተዋል። የግራው ዓይናቸው ጨለመ፣ መርፌ ላይ ክር የምታስገባላቸው ዓይናዲስ ሆነች። በዚህ መካከል አዲስዓለም ሕክምና ተምራ በ2013 ዓ.ም. ተመረቀች። እናቷንም በመጀመሪያ ያየችው እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ሐኪም ነበር፤ አንድ ዓይናቸውን በእጇ ሸፍና ጣቷን ስታንቀሳቅስላቸው ነገሩ ገባት። በ2014 ዓ.ም. የጭንቅላት ምርመራ ተደርጎ ከዓይን ነርቮች ሥር፣ ከአንጎል ሽፋን ላይ የበቀለ ዕጢ ተገኘ። ካንሰር አልነበረም፤ ቀስ እያለ የሚያድግ ዓይነት ነው። ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ነርቩንና የደም ሥሩን ያቀፈው ግን ሳይወጣ ቀረ።

ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ወ/ሮ አሰለፈችን፣ አቶ እሸቴንና አዲስዓለምን አስቀምጦ እናታችን ለብዙ ዘመን የወሰዱት መድኃኒት አለ ወይ፣ የወሊድ መከላከያስ ብሎ ጠየቀ። አቶ እሸቴ ማንንም አላስቀደሙም። በዚያ በወፍጮ ድምፃቸው «አንድም ጊዜ አላለፋትም፣ ጌታው! ከዓይናዲስ ወዲህ በየሦስት ወሩ፣ ሚካኤልን ጠብቄ የማስታውሳት እኔ ነኝ!» አሉ። ምስጋና የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ሐኪሙ ቀና ብሎ አዲስዓለምን አያት፤ እሷም ጫማዋን አየች። ከዚያ መርፌው እንዲቆም ተነገራቸው። አቶ እሸቴ በር ላይ ደርሰው ለምን እንደሆነ ልጃቸውን ቢጠይቁ «ዕድሜዋ ስለደረሰ ነው፣ አባዬ» አለቻቸው።

ለእናቷ ግን አልዋሸችም። በማግስቱ በሐኪም ቤቱ አልጋ ላይ እጃቸውን ይዛ ነገረቻቸው። «እማዬ፣ በዕጢው ሕዋሶች ውስጥ የእርግዝናን ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን አለ። በር ላይ ቆሞ እንግዳ እንደሚያስገባ ሰው ነው። እንግዳው ሲመጣ ዕጢው ይነቃል፣ ያብጣል፣ የዓይንሽን ነርቭ ይጫናል። ስትወልጂ እንግዳው ይሄዳል፣ እሱም መልሶ ይተኛል።»

ወ/ሮ አሰለፈች ሦስቱንም እርግዝና አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከዚያም «መርፌውስ?» አሉ።

«መርፌው የዚያው እንግዳ ዘመድ ነው።»

«ታዲያ በየሦስት ወሩ እኛው ነን የጋበዝነው?»

አዲስዓለም እዚህ ላይ አለቀሰች። እናቷ ግን አላለቀሱም፤ «አባትሽ እንዳይሰማ» ብቻ አሉ።

ተደብቆ የቆየው እስከ ነሐሴ ነው። ደብረ ታቦር ከተመለሱ በኋላ የነሐሴ ሚካኤል ደረሰ። አቶ እሸቴ መርፌው መቅረቱን ያውቃሉ፤ እግራቸው ግን የለመደውን አልተወም፤ ወፍጮውን አቁመው መጡና «አሰለፈች፣ ቀኑ ዛሬ ነበር እኮ፤ ጉሙ ቢመለስብሽስ? ሌላ ሐኪም እንጠይቅ?» አሉ። ወ/ሮ አሰለፈች ይህን ሲሰሙ መደበቁን አልቻሉም። ባለቤታቸው በየሦስት ወሩ እንዲህ እየተጨነቁ ሲኖሩ ማየት ከእውነቱ ባሰባቸው። አጠገባቸው አስቀምጠው ልጃቸው እንደነገረቻቸው አድርገው፣ እንግዳውንም በር ላይ የቆመውንም ሳይተዉ ነገሯቸው። አቶ እሸቴ ጨርሰው ሰሙ። ሲናገሩም ድምፃቸው በቅርብ ለተቀመጡትም የሚሰማ አልነበረም። «እኔ ነኛ የመገብሁት» አሉ።

«ሁለታችንም ለዓይኔ ብለን ነው፣ እሸቴ። አንተ ብትረሳ እኔ አስታውስህ ነበር» አሏቸው ወ/ሮ አሰለፈች።

ከዚያ ቀን ወዲህ አቶ እሸቴ በገበያው ውስጥ ጮኸው ሲናገሩ የሰማ የለም። ሰው ወፍጮው ስለተበላሸ ይመስለው ነበር።

እዚህ ላይ አዲስዓለም አንድ ነገር በግልጽ እንዲጻፍ ጠይቃለች። መርፌው ዕጢውን አመጣው ብሎ የሚምል ሐኪም የለም፤ የነበረውን አበረታው ይሆናል ነው የሚሉት። በዚሁ መርፌ ተረድተው በጤና የሚኖሩ እናቶች እልፍ ናቸው፣ እንዲህ ያለው ዕጢም ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም። ስለዚህ ይህን የሰማች ሴት በድንጋጤ የምትወስደውን እንዳትጥል፤ ሐኪሟን ትጠይቅ። በእርግዝና ወራት ዓይኗ የደከመ፣ ወልዳም የተመለሰላት ካለች ግን ተመለሰልኝ ብላ እንዳትተወው። መመለሱ ራሱ ምልክት ነበር።

መርፌው ከቆመ በኋላ የተረፈው ዕጢ ለአንድ ዓመት ያህል ረጋ። ወ/ሮ አሰለፈች በቀኝ ዓይናቸው የነጠላ ዘርፍ መቋጠር ጀምረው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ዳግም ማደጉ ታወቀ። ለጨረር ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላቸው ሳለ መንገዱ በየጊዜው በመዘጋቱ አንዱ ቀጠሮ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ስለዚህ ብዙ መናገር ይቻል ነበር፤ በየቤቱ ያለ ጉዳይ ስለሆነ ይብቃ።

በዚያው ዓመት የካቲት 16 ቀን አዲስዓለም ለንግሥ መጥታ ቤተ ክርስቲያን ገባች። በልጅነቷ ያየችው መጋረጃ ነው። በዚያ ቀን ግን ከቀኝ ጀምራ ሐረጉን በዓይኗ ተከተለችው፣ ከቀዩ ወደ ደብዛዛው፣ ከደብዛዛው ወደ ቡናማው፣ ቅዳሴውም አመለጣት። እንዲህ ያለ ዕጢ የዓይንን ነርቭ ሲጫን ቀድሞ የሚወሰደው ቀይ ቀለም ነው። የእናቷ ሕመም ከዓመት ዓመት ሲገፋ በገዛ እጃቸው ተጠልፎ፣ በሕዝብ ፊት ተሰቅሎ፣ ሐኪም ቤት ሳይሄዱ የሚነበብ ሆኖ ከዐሥር ዓመት በላይ ተንጠልጥሏል።

ለእናቷ ስትነግራቸው አላመኑም። ለመጋረጃው ክር ያቀረቡላቸውን አቶ ሸሪፍን አስጠሩ። አቶ ሸሪፍ በገበያው ውስጥ የሚከበሩ ነጋዴ ናቸው፤ ከወ/ሮ አሰለፈችም ጋር እንደ እህትና ወንድም ኖረዋል። ወ/ሮ አሰለፈች በደጉ ጊዜ ቀይ ብለው ጠይቀው፣ ጥቅሉንም በራፍ ላይ በፀሐይ አገላብጠው፣ ቡናማውን ይዘው እንደሄዱ አቶ ሸሪፍ ያን ጊዜ ተናገሩ። «የሙያ ባለቤት ነሽ ብዬ አፈርሁ፣ እቴ። አላህ ይይልኝ፣ ከአፌ ደርሶ ነበር» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ወ/ሮ አሰለፈች አጽናኗቸው። ቄስ ይሻውም ማየታቸውን አመኑ። አቶ እሸቴም። የተጠየቀ ሁሉ አይቶ ነበር። እንዳያሳፍሯቸው የተጠነቀቁላቸው ሁሉ የሚወዷቸው ነበሩ፤ የማይወዳቸው አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ በነገራቸው ነበር።

እሳቸው ያስተማሯቸው ወጣት ጠላፊዎች ቡናማውን ፈትተው ሐረጉን ዳር እስከ ዳር በቀይ ሊሞሉት ፈቃድ ጠየቁ። ያን ጊዜ ወ/ሮ አሰለፈች ይህንንም የሕይወት ታሪክ ያዘዙበትን ቃል ተናገሩ። «አትፍቱት። እንዳለ ይሰቀል፣ በቀብሬም ላይ ታሪኩ ይነበብ። ያየ ሰው ይጠይቅ።»

ከሰኔ ወዲህ የቀኙም ዓይናቸው ጠፋ። ልጆቻቸውን በእጃቸው ፊታቸውን እየዳሰሱ ይለዩ ነበር፤ ሦስቱን የሚያዩበት ዓይን ብለው አራቱን ምኞታቸውን የሰጡ እናት መጨረሻቸው ይህ መሆኑ ቤተሰቡን ሁልጊዜ ይጸጽተዋል። አቶ እሸቴ ከአጠገባቸው አልራቁም፤ አሁን በለሆሳስ የሚናገሩትን ከወ/ሮ አሰለፈች በቀር የሚሰማ አልነበረም። በቤተሰባቸው እንክብካቤ ሲረዱ ቆይተው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ50 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ወ/ሮ አሰለፈች ሙላቴ የአቶ እሸቴ ዋለ ባለቤት፣ የዶ/ር አዲስዓለም፣ የሞላና የዓይናዲስ እናት፣ የወ/ሮ ፈንታነሽ ካሴ ልጅ፣ የስድስት ወንድምና እህቶች ተስፋ፣ የብዙ ሙሽሮች ሳቅ ነበሩ። የ«ጠወለገሳ» ጥያቄያቸው ሳይመለስ የቀረባቸው አረጋዊት እናታቸው ዛሬ ከፊታችን ተቀምጠዋል፤ ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

ከሥርዓቱ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገብታችሁ መጋረጃውን እዩት። በተወለዱበት ዕለት የተቀበለቻቸው እመቤታችን በዐረፉበትም ትቀበላቸው፤ ነፍሳቸውንም፣ የጠለፉት ሐረግ ከዳር እስከ ዳር ቀልቶ በሚታያቸው ብርሃን ውስጥ ታሳርፍልን። አሜን።